ፍሬን አልባዋ ሞተር

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነበር። ቦታው አሶሳ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም የሚሸት የአንድ ቢሮ አዳራሽ። ሰዳቢው ይልቃል ይባላል፤ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ የመምሪያ ኃላፊ። ተሰዳቢው ወንጀል መርማሪው ሃምሳ አለቃ አንለይ ነው። ክልሉ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፤ በከተማው ጸጥታ ላይ ተወያዩ ተብሎ ሰው ተሰብስቧል። አንለይ እጁን አውጥቶ ለጥበቃ የሚሆን የእጅ ባትሪ እንኳ እንደሌላቸው መናገር ሲጀምር፣ ይልቃል በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ቆርቆር አደረገና ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቀው። አንለይ ሞኝ ሆኖ እውነቱን ተናገረ። ሰባተኛ አለ።

"እንግዲያው ቁጭ በል" አለው ይልቃል። "አንተ የተጠራኸው ለማዳመጥ ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። አንለይ የሳቁትን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ማን ጥርሱን እንዳሳየ፣ ማን በመሐረብ አፉን እንደሸፈነ፣ ማን ለይሉኝታ ጎንበስ እንዳለ ዛሬም ቢጠየቅ ይናገራል። በደርግ ጊዜ ከጎጃም አምጥተው ፓዌ ሲያሰፍሩት "ሰፋሪ" ያሉትንም፣ ፖሊስ ሲሆን "ማይም ዩኒፎርም ለበሰ" ያሉትንም እንደዚሁ በስማቸው ይዟቸዋል። ሰው ገንዘብ ያጠራቅማል፤ አንለይ ያጠራቀመው ይህን ነው።

ግንቦት ገባ። ዝናቡ ጀመረ፣ ማንጎው በየግቢው ይረግፍ ያዘ። አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከተማው አልቆ የሽመል ጫካው በሚጀምርበት ቦታ፣ ብኸይታ የምትባል ማንጎ ሻጭ ከመንገዱ ዳር ሞታ ተገኘች።

አንለይ ሲደርስ ሰው ከቧታል። ብኸይታ የአገሩ ሴቶች እንደሚያደርጉት በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት በፊትና በኋላ ቅርጫት አንጠልጥላ ነበር ወደ ቤቷ የምትሄደው። እንጨቱ ለሁለት ተሰብሯል። አንዱ ቅርጫት ቦዩ ውስጥ ተደፍቷል፤ ሌላው ከሥሯ ነው፣ ክንዷን ጥላበታለች። የጤና ጣቢያው ሰው አገላብጦ ካያት በኋላ አንለይን ወደ ዳር ወሰደው። እግሯና የጎን አጥንቷ ተሰብሯል፤ የሞተችው ግን ወዲያው አይደለም አለው። ሌሊቱን ስትደማ ነው ያደረችው፤ አንድ ሰው አንስቶ ቢያመጣት ምናልባት ትድን ነበር።

"እና የመታት ሰው አላያትም?" አለ አንለይ።

"አይቷታል። ጭቃው ላይ የቆመበት አለ።"

እውነትም ነው። ቀጭን የሞተር ጎማ ከከተማው መጥቶ ሴትዮዋ ጋ ይደርሳል። ፍሬን የተያዘበት፣ ጎማው የተንሸራተተበት ምልክት የለም። አለፍ ብሎ የጫማ ዱካ አለ፤ ወደ እሷ መለስ ይልና ሳይደርስ ይዞራል። ከዚያ ጎማው ጥቂት ብቻውን ይሄድና ጎማና ጫማ ጎን ለጎን ወደ ጫካው ይገባሉ። አንለይ ዱካውን ተከትሎ ሽመሉን እየገፋ ገባ። ሞተሯ ጭቃ ውስጥ በጎኗ ተጥላ አገኛት።

አብረውት የገቡት ሰዎች ገና ሲያዩዋት የሐኪም ሱለይማን ሞተር ናት አሉ። አሶሳ ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም። ጣሊያን ሠራሽ፣ ከበቅሎ የማትበልጥ፣ የንጉሡ ጊዜ ቀይ ሞተር ናት። ሱለይማን ድሬሰር ነበር፣ ሰው ግን ሐኪም ይለዋል። በየመንደሩ እየዞረ የፈንጣጣ ክትባት የከተበው በእሷ ነው። ኋላ ሞተሯ ከሥራ ወጣችና ዓመታት ሙሉ ከግቢው ማንጎ ሥር ቆመች። ዝገት በላት፣ ዶሮ ኮርቻዋ ላይ እንቁላል ጣለባት። ሱለይማን ሊሞት ሲል አስጠግኗት፣ አትጣሏት ብሎ ስለተናዘዘ ወንድምየው ባፈና ለሚባል ብረት በያጅ ወስዶ ሰጣት። ሱለይማን መጋቢት ላይ አረፈ። ባፈናም መለዋወጫ እየለመነ፣ ከጥራጊ ብረት እየቀረጸ ሲሠራት ከረመ።

አንለይ የፊት ፍሬኑን ያዘው። ገመድ የለውም። የኋላውን ረገጠው። ባዶ ነው። ማስነሻውን ሲረግጠው አልነቃነቅ አለ፤ ሞተሩ ነክሷል። የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነከረና አሸው። ጣቱ ወዲያው ደረቀ።

ጣቢያ ሲመለስ አዛዡ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቀው። ባፈና ተይዟል። ሞተሯ በእጁ ነበረች። ብኸይታ አክስቱ ናት፤ ባለፈው ሳምንት በማንጎ ዛፍ ውርስ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ሞተሯ ብትሰረቅ ኖሮ ይጮህ ነበር፤ አልጮኸም። ሰኞ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል አለ አዛዡ፤ ቃሉን ተቀበልና ዝጋው። የብኸይታ ልጆች ሰምተዋል፣ እኛ ካልቀጣነው እነሱ ይቀጡታል ይላሉም አለ። በዚህ አገር ደም ደምን ሲጠራ አንለይ አይቷል።

ባፈናን ከእስር ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘው። ረጅም፣ እጁ በብየዳ የተቃጠለ ሰው ነው። አማርኛውን ከገበያና ከጋራዥ ነው የለቀመው።

"ሞተሯ እንደጠፋች መቼ አወቅህ?"

"ማግሪብ ሰግዶ መጣሁ። የለም።"

"ጋራዡን አልቆለፍክም?"

"ለሶላት ማን ይቆልፋል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እንድሪስ ወሰደው አልኩ። የሐኪም ወንድም። ቤቱ የሐዘን ቤት ነው። የሐዘን ቤት ሄዶ ዕቃ የት አለ ይባላል? ነውር ነው።" ከዚያ ቀና ብሎ አየው። "እኔ አልነዳም እሱን። ፍሬን የለውም። ሸራው አልቋል፣ እኔ አውልቄ አስቀመጥኩ። እኔ እብድ ነው?"

አንለይ እንዲያው ለመሞከር ያህል፣ ሞተሯ ጫካ ውስጥ እንደተገኘችና ሞተሩ እንደነከሰ ነገረው። ባፈና ተነሥቶ ቆመ። ምን እንደገባባት ጠየቀ። አንለይ ቤንዚን ነው፣ ጣቴ ላይ ወዲያው ደረቀ አለው።

"ቅባት የለውም?"

"የለውም።"

ባፈና ተመልሶ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። ይቺ ሞተር ዘይቱን የምትጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ደረቅ ቤንዚን ከገባባት ጥቂት ሄዳ ፒስተኗ ይጣበቃል። ይህን ሁሉ በተሰባበረ አማርኛ እያቃሰተ ተናገረ። ለሞተ ሰው የሚያለቅስ ነበር የሚመስለው። አንለይ ተናደደ።

"አክስትህ ሞታ ለብረት ታለቅሳለህ?"

"ለእሷ አልቅሶ ጨረስኩ" አለ ባፈና። "ይሄ አዲስ ነው።"

አንለይ ከዚያ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቆመ። የገዛ ልጇን ደም ሥር ቆርጣ የምታፈስስ እናት የለችም። ይህን ያህል የደከመባት ሰው ደረቅ ቤንዚን አይሞላባትም፣ ፍሬኗን አውልቆም አይነዳትም። ይህን ለአዛዡ ሲነግረው አዛዡ ሳቀ። ሰክሮ ይሆናል አለ። ባፈና አይጠጣም ሲለው፣ ያን ቀን ጠጥቶ ይሆናል አለ። የያዙትን ሰው ላለመልቀቅ የማይሉት የለም።

ወደ ሐኪም ሱለይማን ቤት ሄደ። ሚስትየዋ ዐፊፋ ትባላለች። በሽመል አጥር በተከበበው ግቢ ደጃፍ ላይ እንድሪስ ተቀበለው። ሽበት የወረረው፣ ቃሉን እየመጠነ የሚናገር ሰው ነው። አንለይ ባለቤቲቱን ማነጋገር እንደሚፈልግ ተናገረ። እንድሪስ አይሆንም አለ። ልትጠይቃት የምትፈልገውን ንገረኝ፣ እኔ ጠይቄ እመልስልሃለሁ አለው። አንለይ ሕግ ነው አለ። እንድሪስ በትሕትና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያንኑ ደገመለት። በመጨረሻ ከሽመሉ ግድግዳ ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት በራሷ ቋንቋ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትመልስ፣ እንድሪስ ሲተረጉም ቆመ። ሞተሯን ለማንም አልሰጠሁም፣ አልሸጥሁም፣ ባፈና ደግ ልጅ ነው አለች። በቃ።

አንለይ ደሙ ፈላ። ሃምሳ አለቃ ሆኖ፣ የሰው ነፍስ ጉዳይ ይዞ፣ ከአጥር ውጭ እንደ ለማኝ ቆሞ ሲነጋገር። ይችንም ያዛት። ግንቦት፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ዐፊፋ።

ሊሄድ ሲል ግን ከእንድሪስ አንድ ነገር አገኘ። ሞተሯን ለመግዛት የሚመላለስ የቢሮ ሰው አለ አለው። አሮጌ ዕቃ የሚወድ፣ እንዲህ ዓይነቷ በአዲስ አበባ እንደ ጌጥ ትቀመጣለች የሚል። ሁለቴ ጋራዥ ድረስ ሄዶ አይቷታል። እንድሪስ ቤቱ ሐዘን ላይ ነው፣ ሐዘኑ እስኪያልቅ ዕቃ አይሸጥም ብሎ መልሶታል። ስሙ ይልቃል ነው።

የአንለይ ጆሮ ጋለ። መጀመሪያ ግን እንድሪስን ራሱን አጣራ፤ ይልቃልን ስለጠላ ብቻ ሌላውን መዝለል አልፈለገም። ሰኞ ማታ እንድሪስ ጀንበር ስትጠልቅ ከሚሰገደው ከማግሪብ ጀምሮ ለሟቹ ቁርአን ከሚቀሩት ሼሆች ጋር ተቀምጦ እራት አብልቷል። የመሰከሩለት ከመስጊዱ ያሉ ሰዎች ሁሉ ናቸው። በዚያ በኩል መንገዱ ተዘጋ።

ይልቃል ቢሮው ውስጥ ተቀመጥ እንኳ አላለውም። አዎ ሞተሯን ፈልጌያት ነበር አለ፤ ቅርስ ናት፣ እዚህ ዋጋዋን የሚያውቅ ሰው የለም። እምቢ ሲሉኝ ተውኩት። ሰኞ ማታ የት ነበሩ ሲባል፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ጀምሮ በለጡ ቤት ከአንድ መምህር ጋር ካርታ ስጫወት ነበር አለ።

"ሌላ ጥያቄ አለህ?"

"ለጊዜው የለኝም።"

"ለጊዜው" አለ ይልቃል ፈገግ ብሎ። "ጥሩ አማርኛ ነው።"

በለጡ ከደሴ የመጣች፣ ቢራና ምግብ የምትሸጥ፣ ለሁሉም ሰው አፏ የተፈታ ሴት ናት። አንለይን ስታይ ወንበር በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው።

"ሃምሳ አለቃዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስር መጣህ?"

ይልቃል ሰኞ ማታ መጥቶ እንደነበር ሳይጠይቃት ነገረችው። መቼ እንደመጣ ሲጠይቃት ትንሽ አሰበች። የከተማው መብራት የጄኔሬተር ነው፤ ሲመሽ ይበራል፣ ከዚያ በፊት ቤቱ በፋኖስ ነው።

"መብራት መጥቶ ነበር። ቴፑን ከፍቼ ዘፈን እየተሰማ ነበር ሲገባ። ያ መምህር ብቻውን ሲጠብቀው ቆይቶ አኩርፎ ነበር።"

"በምን መጣ?"

"በእግሩ። ሞተሩን የት ጣልከው ብዬው አልመለሰልኝም። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ እኔው ነኝ ያጠብኩለት። ውኃ ነው መጀመሪያ የጠጣው፣ በጆግ። ካርታውንም ተበላ፣ እሱ ተበልቶ አያውቅም።"

አንለይ ከዚያ ወደ ቢሮው ዘበኛ ሄደ። ታምሩ ይባላሉ፣ ጡረታቸው የዘገየባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከበር ላይ ሆነው መናገር አልፈለጉም፤ ወደ ሻይ ቤት ወሰዳቸው። ሰኞ ወደ ማታ ላይ አቶ ይልቃል የቢሮውን ሞተር አቁሞ በጄሪካን ቤንዚን ይዞ በእግሩ ወጣ አሉ። ትንሽ ቆይቶ እንደ ወፍጮ የምትንኳኳ ቀይ ሞተር ላይ ተቀምጦ በበሩ ፊት አለፈ። ልጅነቱን ያገኘ ነበር የሚመስለው አሉ። እጁንም አውለበለበላቸው።

ሐሙስ ዕለት አዛዡ ይልቃልን ጠራው። አንለይ ያገኘውን ሁሉ ዘርዝሮ ሲጨርስ ይልቃል አልደነገጠም። እግሩን አነባበረ። እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀ።

ሰኞ ሞተሯን ነድቻለሁ አለ። ቀድሞ ያልተናገርኩት ከአንዲት ምስኪን ሴት ሞት ጋር ስሜ እንዳይነሣ ፈርቼ ነው፣ ጥፋቴ ነው። የነዳሁት ግን በፈቃድ ነው። ወይዘሮ ዐፊፋ ራሷ ከደጃፏ ወጥታ፣ በገዛ እጇ አንድ ብርጭቆ ከርከዴ ቀድታ ሰጥታኝ፣ ባሌ ያከብራት የነበረች ሞተር ናት፣ ሞክራትና ከተስማማችህ እናወራለን ብላኛለች። እኔም ለውለታዋ ብዬ ቤንዚን ሞላሁላት፣ እስከ አደባባዩ ነድቼ ወደ ጋራዡ መለስኳት። ባፈና ገና ከመስጊድ አልተመለሰም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱን ጠይቁት። ጫማዬን ጭቃ ያደረገው የከተማው መንገድ ነው፤ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አዛዡ ሳቀ።

"ዘይትስ ሞልተዋል?" አለ አንለይ።

"ዘይት በራሱ ቦታ ነው የሚሞላው" አለ ይልቃል። "እንደ ቢሮዬ ሞተር።"

አንለይ ወደ አዛዡ ዞረ። አዛዡ አልገባውም፣ ሊገባውም አልፈለገም። ይልቃል ከወጣ በኋላ በሩን ዘጋና ባለፈው ኅዳር በአዳራሹ የሆነውን ሰምቻለሁ አለው። ቂም ይዘህ የመንግሥት ኃላፊ ላይ ወጥመድ ታጠምዳለህ አለው። ያ ሰው ቃሉን አርሟል፣ ይቅርታ ጠይቋል፣ የባለቤቲቱ ፈቃድ አለው፤ ለማንም አልሰጠሁም አለች ያልከኝ የእንድሪስ ትርጉም እንጂ የእሷ ቃል አይደለም። መዝገቡ ሰኞ ይሄዳል፣ ስሙም ባፈና ነው።

አንለይ ከክፍሉ ወጣ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዛዡ ያለው ትንሽ እውነት ነበረበት። ይልቃልን ወንጀለኛ ሆኖ ማየት ይፈልጋል፤ ከኅዳር ጀምሮ ሲፈልግ ነው የኖረው። ቤቱ ሄዶ እራት ሳይበላ ተኛ። ቢሆንስ? ሰውዬው እውነቱን ቢሆንስ? ለሰባተኛ ክፍል ያልከፈተችውን በር ለዲግሪ ከፈተችው ማለት ነው። በገዛ እጇ ከርከዴ። እኔን ከአጥር ውጭ አቁማ።

ይህ ነበር እንቅልፍ የነሳው። በነጋታው ጁምዓ ሲወጣ ጠብቆ እንድሪስን ከመስጊዱ ደጃፍ ያዘው። ስለ ምርመራ አልነበረም የሄደው፤ ሊወቅሰው ነው። የመንግሥት ፖሊስ መሆኔን እያወቃችሁ አዋረዳችሁኝ አለው። እኔን በግድግዳ አነጋገረችኝ፤ ያን የቢሮ ሰው ግን ወጥታ ተቀበለችው፣ አጠጣችው። እኔ ጥቁር ነኝ እሱ ነጭ ነው? እኔ ሰው አይደለሁም?

እንድሪስ ግራ ተጋባ። የትኛውን የቢሮ ሰው ነው የተቀበለችው አለ።

"ይልቃልን። በደጃፏ ቆማ ከርከዴ ቀዳችለት።"

"እሷ?" አለ እንድሪስ። "ዐፊፋ ዒዳ ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ፣ ባል ከሞተ አራት ወር ከዐሥር ቀን ባዕድ ወንድ አያያትም። ከደጅ አይወጣም። እኔ የባል ወንድም ነኝ፣ እኔም ከግድግዳ ነው የማወራው። ፊቷን ካየሁ ቆየሁ።"

አንለይ ዒዳ የሚባል ነገር ሰምቶ ያውቃል፤ ነጭ መልበስ፣ ሽቶ መተው ብቻ ይመስለው ነበር። አልሰደበችውም። ማንንም አላየችም እኮ። በዕድሜው ሙሉ፣ ሳይሰደብ ተሰደብኩ ያለበት ቀን መኖሩን ሲያውቅ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የእንድሪስን እጅ ይዞ ሳቀ። እንድሪስም ሰውዬው አብዷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም አብሮት ሳቀ።

ይሄን ለአዛዡ ቢነግረው የሚመልሰውን ያውቃል፤ ሴትዮዋ ቀርባ ቃሏን ትስጥ ይላል፣ እሷ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ አልነገረውም። መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን የባለቤቲቱ የፈቃድ ቃል ብቻ ቀርቷል አለው። ሐዘንተኛ ስለሆነች መጥራት ነውር ነው፤ እኛ እንሂድ፣ አቶ ይልቃልም ይምጡና ይስማሙበት፣ ሰኞም መዝገቡን እንሰናበተው። አዛዡ ቂሙን ትቷል ብሎ ደስ አለው። ቅዳሜ ጧት በይልቃል ቢሮ መኪና ሦስቱም ሄዱ። ይልቃል መንገዱን ሙሉ ስለ አሮጌ ሞተሮች ሲያወራ ነበር።

እንድሪስ ግቢውን ከፈተላቸው። በማንጎው ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከቤቱ አንዲት ነጭ የተከናነበች ሴት ብርጭቆና ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። አንለይ ማን እንደሆነች አልተናገረም፣ እንድሪስም ዝም እንዲል አስቀድሞ ለምኖት ነበር።

"አቶ ይልቃል" አለ አንለይ። "ከርከዴ የሰጠችዎት እዚሁ ላይ ነው?"

"እዚሁ በር ላይ" አለ ይልቃል።

"እንግዲያው ያን ዕለት ያለችዎትን ለአዛዡ ያስታውሱልን።"

ይልቃል ጫማውን ከምንጣፉ ዳር አወለቀ። ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብሎ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

"እንደምን ከረሙ ወይዘሮ ዐፊፋ። ያን ዕለት ስለ ሞተሯ የነገሩኝን ለነዚህ ሰዎች ቢደግሙልኝ። ፈቅደውልኝ እንደነበር ብቻ።"

ሴትየዋ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወደ እንድሪስ አየች። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ከሽመሉ ግድግዳ ወዲያ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ በአማርኛ ነበር፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

"ዐፊፋ እኔ ነው። እሷ ዐዋጢፍ ናት፣ የእንድሪስ ሚስት። እኔ ይሄን ሰው ድምፁን ዛሬ ሰማሁ።"

አንድ ማንጎ ከዛፉ ወድቆ ከምንጣፉ አጠገብ ፈረጠ። እንድሪስ ለአዛዡ ዒዳ ምን እንደሆነ በቀስታ አስረዳው፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ መሰከሩ፤ ሱለይማን ከተቀበረ ወዲህ ይህቺን ሴት ባዕድ ወንድ አይቷት አያውቅም። የአዛዡ ፊት ቀስ በቀስ ጠቆረ። የተናደደው በይልቃል ይሁን በራሱ አይታወቅም።

ይልቃል ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ማሰር አቃተው። እዚያው እንደተንበረከከ ተናገረ። ባፈና ሊሰግድ ሲሄድ ጋራዡ ክፍት ነበር፤ ለአንድ ዙር ብቻ ነበር። መንገዱ ባዶ ነበር፣ ሞተሯም ደስ ትል ነበር። ፍሬን እንደሌላት ያወቀው ሲይዘው ነው።

"አህያ መሰለችኝ" አለ። "በአምላኬ፣ ጨለምለም ብሎ ነበር፣ አህያ ነው የመሰለችኝ።"

"ወርደህ ወደ እሷ መጥተሃል" አለ አንለይ። አንቱታውን ጥሎታል። "ዱካህን አይቼዋለሁ። እየመጣህ ሳትደርስ ዞርክ። አህያ ቅርጫት አቅፋ ትተኛለች?"

"ትጣራ ነበር" አለ ይልቃል በጣም ዝቅ ብሎ። "በቋንቋዋ ነው። ምን እንደምትል አልገባኝም።"

"ሰው ሲጣራ ለመረዳት ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል?"

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ሞተሯን እየነዳ ሊያመልጥ ሞከረ፣ ብዙም ሳትሄድ ነክሳ ቆመች፣ ጫካ ውስጥ ጣላት፣ በእግሩ ወደ በለጡ ቤት ሄዶ ካርታ ተቀመጠ። ያቺ ሴት ስትደማ እሱ ንጉሥና ወታደር ሲወረውር አመሸ። አዛዡ እጁን ይዞ ወደ መኪናው አስገባው፤ የገዛ ቢሮው መኪና ነበረች።

ጣቢያ ሲደርሱ ግን አዛዡ አንለይን ወደ ጥግ ጠራው። ጉዳዩን ለበላይ እስካሳውቅ ዝም በል አለው። ሰውዬው ኃላፊ ነው፣ ክልሉ አዲስ ነው፣ ስማችን ይጠፋል። ባፈናንም ዛሬ ልቀቀው፣ ግን በጓሮ በር ይውጣ፣ ሰው ሳያየው ወደ ቤቱ ይሂድ። የብኸይታ ልጆች ገበያው ላይ አሉ፤ እውነቱን ገና ስላልሰሙ ችግር ይፈጠራል።

አንለይ የእስር ቤቱን በር ከፈተ። ባፈና ብርሃኑን እየሸሸ ዓይኑን ጨፈነ። ማን እንደገደላት ነገረው። ነጻ ነህ፣ በጓሮ በኩል ውጣ ተብለሃል አለው።

ባፈና አልተንቀሳቀሰም።

"ፖሊስ እኔን በምን መንገድ ነው ያመጣው?" አለ።

አንለይ አላወቀም። ያን ጧት እሱ ጫካ ውስጥ ነበር።

"በገበያ መሃል። እጅ ወደ ኋላ ታስሮ። የብኸይታ ልጆች ቆመው አዩ። የመስጊድ ሰው አየ። አንዱ ምራቁን ተፋ። አሁን እኔ በጓሮ ልውጣ? እንደ ድመት? ማን ያውቃል እኔ እንዳልገደልኩ? ነገ የአክስቴ ልጆች፣ ወንድሞቼ፣ ይገድሉኛል። እኔ አልወጣም። እዚህ ይሻላል።" ተመልሶም ተቀመጠ። ለመቀመጡ ምንም ቅር የሚለው አይመስልም ነበር። "በገበያ ወሰደኝ። በገበያ መልሰኝ።"

አንለይ ቆቡን አወለቀ፣ በክንዱ ጠረገውና መልሶ አደረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባፈናን በእጁ ይዞ አስነሣው። እጁን አልለቀቀውም፤ በዚህ አገር ወንድ ከጓደኛው ጋር እንደሚሄደው ጣት ለጣት ያዘው። በዋናው በር ወጡ። ቅዳሜ ነው፣ ከጣቢያው ደጃፍ ጀምሮ መንገዱ በማሽላ፣ በማንጎ፣ በሽመል ቅርጫት ተሞልቷል። ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመው የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሲያዩዋቸው ቀጥ አሉ። አንዱ የእናቱን ጥቁር ሻሽ በአንገቱ ጠምጥሟል። ባፈና እጁ ላይ ያለውን እጅ ጨበጥ አደረገው። አንለይ ወደ እነሱ መራው።

ከኋላቸው አዛዡ ከበረንዳው ተጣራ። የት ነው? ማን ፈቀደልህ? ሪፖርቱን ማን ይጽፋል?

አንለይ ዞር አላለም። የባፈናን እጅ እንደያዘ ሰው መሃል ገባ።